«ይማር» እና «ይማራል»፦ የእንግሊዝ ፖለቲከኞች ስለ ሁለተኛ ደረጃ የሙዚቃ ትምህርት ያላቸው አነጋገር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ በጅማ የተወለደ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የምሕንድስና ሙያ ተምሮ እንዲመለስ ታስቦ ወደ ሰሜን ዌልስ ተላከ። በሬክስሃም ከተማ አካባቢ ይገኝ የነበረው ሊንዲስፋርን ኮሌጅ፣ ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ፣ የሁለተኛ ደረጃ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በዚያም ሙዚቃ እንደ ሒሳቡና እንደ ሳይንሱ ሁሉ የትምህርቱ አካል ስለ ነበረ ወጣቱ ከሙዚቃ መሣሪያ ጋር ተዋወቀ፤ ዝንባሌውም ከመምህራኑ ዓይን አልተሰወረም። ከዚያ በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ያዋሐደውን ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ስልት መሠረተ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃቸው ሙላቱ አስታጥቄ እኒህ ናቸው።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የአንድ ሰው ተሰጥዎ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለማሳየት ነው። ነገር ግን ሌላም ቁም ነገር አለበት። ተሰጥዎው ከጅማ አብሮ የሄደ ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው፣ መምህሩና የትምህርቱ ሰዓት ግን በትምህርት ቤቱ ውስጥ አስቀድመው የተዘጋጁ ነበሩ። ትምህርት ቤቱም ወላጅ ወይም ላኪ የሚከፍልበት የግል ትምህርት ቤት ነበር። እንዲህ ያለው ዕድል የወላጅ ኪስ ሳይጠየቅ ለማንኛውም ልጅ ይዳረስ ዘንድ የሚያስፈልገው የሕዝብ ገንዘብና የሕዝብ ሕግ ነው። ገንዘቡን የሚመድቡት፣ ሕጉንም የሚያወጡት ፖለቲከኞች ናቸው። ስለዚህ ፖለቲከኞች ስለ ሙዚቃ ትምህርት እንዴት እንደሚናገሩ መመርመር ለሙዚቃ መምህራን የዋዛ ነገር አይደለም። ለዚህም ምርመራ እንግሊዝ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች፤ የመንግሥት ሰዎቿ ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩትና ያወጁት ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ በጽሑፍ ተመዝግቦ ይገኛልና።

ዜማና ሽልንግ

በ1840ዎቹ መጀመሪያ የሕዝብን ትምህርት ጉዳይ ለመንግሥት በጸሐፊነት ይመሩ የነበሩት ጄምስ ኬይ ሻትልወርዝ በትምህርት ቤቶች የመዝሙር ትምህርት እንዲስፋፋ አጥብቀው ይሹ ነበር። በ1841 ጆን ሁላ የተባሉት ሙዚቀኛ በለንደን በኤክሰተር አዳራሽ ለመምህራን የመዝሙር ትምህርት ሲከፍቱ የኬይ ሻትልወርዝ ድጋፍ አልተለያቸውም። ምክንያታቸው ግን ከሙዚቃው ውጪ ነበር። ሠርቶ አደሩ ሕዝብ በኅብረት መዘመር ቢለምድ ከመጠጥ ቤት ይርቃል፣ አገሩን ይወዳል፣ ለሃይማኖቱና ለሥራው ይተጋል የሚል እምነት ነበራቸው። ዜማ የጠባይ መግሪያ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

ይህ አመለካከት ዛሬ ሊያስተች ይችላል። ሆኖም በዚያ ዘመን ከንግግሩ ጋር አብሮ የሄደ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ዋጋው ነው። በ1882 በወጣው የትምህርት ደንብ መሠረት በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ በጆሮ ብቻ ሰምተው የሚዘምሩ ከሆነ ትምህርት ቤቱ በአንድ ተማሪ 6 ፔንስ፣ ኖታ አንብበው የሚዘምሩ ከሆነ ግን የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 1 ሽልንግ ይሰጠው ነበር። መርማሪው መጥቶ ሰምቶ ይፈርዳል፤ ገንዘቡም በዚያ ልክ ይከፈላል። ሐሳቡ ጠባብ፣ ስሌቱም ነጋዴ መሰል ቢሆንም፣ የመንግሥቱ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ማንኛውም ርእሰ መምህር በሳንቲም ቈጥሮ ሊያውቀው ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ንግግሮች በሐሳብ እየሰፉ፣ በቋንቋም እያማሩ ሄደዋል። የሽልንጉ ነገር ግን እንዲህ ግልጽ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ከዝምታ ወደ ክርክር

በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ የሁለተኛ ደረጃን ትምህርት በነፃ ለሁሉም ካዳረሰ በኋላ፣ በትምህርት ቤት ምን ይሰጥ የሚለው ጉዳይ ባመዛኙ ለአካባቢ መስተዳድሮችና ለመምህራን የተተወ ነበር። ብዙ መስተዳድሮችም የሙዚቃ አማካሪዎችን ቀጥረው፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየተዘዋወሩ መሣሪያ የሚያስተምሩ መምህራንን አሠማርተው የወጣት ኦርኬስትራዎችን አቋቁመዋል። ሚኒስትሮቹ በዚህ ውስጥ እምብዛም አይገቡም ነበር። በ1960 የትምህርት ሚኒስትሩ ዴቪድ ኤክልስ ሥርዓተ ትምህርቱን ለፖለቲከኛ በሩ ከተዘጋ ምስጢራዊ የአትክልት ቦታ ጋር ማመሳሰላቸው ይታወሳል። የአትክልቱን በር ለመክፈት የተነሡት ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን ናቸው፤ በጥቅምት 1976 በኦክስፎርድ በረስኪን ኮሌጅ ባደረጉት ንግግር፣ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያስተምር መጠየቅ የሕዝብም የመንግሥትም መብት ነው የሚለውን ሐሳብ በአደባባይ አነሡ።

ከዚህ የተነሣው ክርክር በ1988 የትምህርት ማሻሻያ ሕግን ወለደ። ሕጉ ሙዚቃን ከብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት መደበኛ ትምህርቶች አንዱ አድርጎ ደነገገ። ይህ ለሙዚቃ መምህራን ታላቅ ድል ነበር። ያው ሕግ ግን በሌላ አንቀጹ፣ በትምህርት ሰዓት ለሚሰጥ ትምህርት ክፍያ መጠየቅን ሲከለክል፣ ለአንድ ተማሪ ወይም እስከ አራት ለሚደርሱ ተማሪዎች በተናጠል የሚሰጠውን የመሣሪያ ትምህርት ከክልከላው ለይቶ አወጣው። እንግዲህ ሙዚቃ ለሁሉም ልጅ የተፈቀደ መብት ሆነ፤ ቫዮሊን ወይም መለከት በእጅ ይዞ መማር ግን ወላጅ ሊከፍልበት የሚችል ነገር ሆኖ ቀረ። ንግግሮቹ ስለ መጀመሪያው አንቀጽ ብዙ ሲያወሱ፣ በቤተ ሰብ ላይ ይበልጥ የተሰማው ሁለተኛው ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ነው። በሰር ጆን ማንዱል የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን በ1991 ባቀረበው ሐሳብ የሙዚቃ ትምህርት በመጫወት፣ በመድረስና በማዳመጥ ላይ እንዲመሠረት ጠየቀ። ለመንግሥት ቅርብ የሆኑ ወግ አጥባቂ ጸሐፍት በበኩላቸው ይህ ዕውቀትን የሚያቃልል፣ የአውሮፓን ጥንታዊ የሙዚቃ ቅርስም የሚያደበዝዝ ነው ሲሉ ነቀፉት። የሥርዓተ ትምህርቱ ምክር ቤት በጥር 1992 ሐሳቡን ለውጦ ወደ ዕውቀቱ ባዘነበለ ጊዜ ደግሞ እንደ ሳይመን ራትል ያሉ ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪዎች በአደባባይ ተቃወሙ። በመጨረሻም የትምህርት ሚኒስትሩ ኬኔት ክላርክ በመካከሉ አስታረቁና ለተግባራዊው ክፍል ከፍ ያለ ክብደት ተሰጠው። ጋዜጦች ለወራት ስለ ሞዛርትና ስለ ሮክ ሙዚቃ ጻፉ፤ ተማሪው የትኛውን ያዳምጥ የሚለው ጥያቄ የአገር ጉዳይ ሆነ።

በዚያው ወቅት ግን እኒሁ ሚኒስትር ሙዚቃ ከ14 ዓመት በኋላ በምርጫ ብቻ እንዲሰጥ ወስነው ነበር። ይህ ውሳኔ ስለ ሞዛርት የተነሣውን ያህል ጫጫታ አላስነሣም። ይሁን እንጂ በ15 ዓመት ዕድሜ የሚገኘው ልጅ ሙዚቃ ይማራል ወይስ አይማርም የሚለውን የወሰነው የአቀናባሪዎቹ ስም ዝርዝር ሳይሆን ይኸው ውሳኔ ነው። የፖለቲካ ንግግር አንዱ ጠባይ ከዚህ ይታያል። ስለ ይዘት የሚደረግ ክርክር ለሁሉም ቀላልና ጣፋጭ ነው፤ ሁሉም የሚወደው ዜማ አለውና። ስለ ሰዓትና ስለ ቦታ የሚደረገው ግን አሰልቺ ነው፤ ስለዚህም በዝምታ ያልፋል።

ምስጋናና ሚዛን

ከ1997 በኋላ ሥልጣን በያዘው የሌበር ፓርቲ መንግሥት ዘመን «እያንዳንዱ ልጅ» የሚለው አባባል ጎላ። የትምህርት ሚኒስትሩ ዴቪድ ብላንኬት፣ መማር የሚፈልግ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ውሎ አድሮ መሣሪያ የመማር ዕድል እንደሚያገኝ ቃል ገቡ። በ2004 የሙዚቃ ማኒፌስቶ የተባለው ሰነድ መንግሥትንና የሙዚቃ ድርጅቶችን በአንድነት አስፈረመ። በኅዳር 2007 ደግሞ ለሦስት ዓመት የሚሆን 332 ሚሊዮን ፓውንድ ለሙዚቃ ትምህርት መመደቡ ተነገረ። ይህ በእርግጥ የሽልንጉን ዘመን የሚያስታውስ ነበር፤ ቃሉ ከነዋጋው ቀረበ። ሆኖም ከገንዘቡና ከትኩረቱ ከፍ ያለው ድርሻ የመጀመሪያ ደረጃውን የሚመለከት ነበር። አንድ ልጅ በ9 ዓመቱ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አንድ ዓመት ቫዮሊን ይዞ፣ በ11 ዓመቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲያልፍ ማን ይቀጥልለታል የሚለው ጥያቄ ግን አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ቆየ።

በ2010 ሥልጣን የያዘው ጥምር መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ማይክል ጎቭ ሁለት ነገር በአንድ ወቅት አደረጉ። አንደኛው፣ የሙዚቃን ትምህርት ሁኔታ አጥንቶ ሐሳብ እንዲያቀርብ ዳረን ሄንሊን መሰየማቸው ነው። የሄንሊ ሪፖርት በየካቲት 2011 ወጣ፤ በኅዳር 2011 ደግሞ የመጀመሪያው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ዕቅድ ታወጀ። ዕቅዱ ሙዚቃን እጅግ የሚያመሰግን ነበር። ሁለተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ባካሎሬት የተባለው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ ትምህርት ቤቶች የሚመዘኑት ተማሪዎቻቸው በ16 ዓመታቸው በእንግሊዝኛ፣ በሒሳብ፣ በሳይንስ፣ በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ እንዲሁም በአንድ የውጭ ወይም ጥንታዊ ቋንቋ ባገኙት ውጤት ነበር። ሙዚቃ በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ለመለኪያው የቀረበው ምክንያት የሚናቅ አልነበረም። የድኻ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገቡትን ትምህርቶች ትተው ክብደታቸው ዝቅ ወዳሉ የምስክር ወረቀቶች እየተገፉ ነው፣ ይህም ግፍ ነው የሚል ነበር። ይህንን የሚናገር ሚኒስትር ለድኻው ልጅ አላሰበም ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ጥፋቱ ያለው ከዚህ ላይ ነው፦ አንድ ነገር በዕቅድ ተመስግኖ፣ ሌላው ነገር በሚዛን ሲመዘን፣ ትምህርት ቤት የሚታዘዘው ለሚዛኑ ነው። የርእሰ መምህሩ ሥራ የሚመዘነው፣ ትምህርት ቤቱ በደረጃ ሠንጠረዥ ላይ የሚቀመጠው፣ ወላጆችም የሚመርጡት ወይም የሚሸሹት በዚያ ነውና። መንግሥት በኋላ ከተማሪዎች 90 በመቶው እነዚህን ትምህርቶች እንዲወስዱ በ2025 ለመድረስ አለመ። በ2016 ሥራ ላይ የዋለው ፕሮግረስ ኤይት የተባለው ተጨማሪ መለኪያም ቢሆን ሙዚቃን ያስገባው ከሌሎች ብዙ ትምህርቶች ጋር በሚሻማበት ክፍት ቦታ ብቻ ነበር።

ነገሩ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል። የሳምንቱ ክፍለ ጊዜ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ለአንዱ ትምህርት የተጨመረ ሰዓት ከሌላው የተቀነሰ ነው። ስለዚህ በታችኞቹ ክፍሎች ሙዚቃ ሳምንታዊ መሆኑ ይቀርና ከድራማና ከሥዕል ጋር እየተፈራረቀ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይሰጣል። ተማሪው ከ13 ወይም ከ14 ዓመቱ ጀምሮ የሚማረውን ሲመርጥ ሙዚቃን በቅጡ ስላላወቀው አይመርጠውም። መራጮቹ ጥቂት ሲሆኑ ክፍሉ በኪሣራ የሚከፈት ይመስላል፤ ስለዚህም ይታጠፋል። ክፍሉ ሲታጠፍ መምህሩ ሙሉ ሥራ ያጣና ይለቃል ወይም በግማሽ ቀን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የታችኞቹን ክፍሎች የሚያስተምረው ሙዚቃ ሙያው ያልሆነ ሰው ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዓመት መራጭም ከቀድሞው ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሙዚቃ ይጥፋ ያለ አንድም ሚኒስትር አልነበረም። ከ2010 ወዲህ በሙዚቃ ለመልቀቂያ ፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ቍጥር በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ግን የማይካድ ሐቅ ነው።

ገንዘቡም እንዲሁ ነበር። የ2011 ዕቅድ ሙዚቃን ባመሰገነበት ሰነድ ላይ ለቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት የተመደበውን ሲዘረዝር፣ የመጀመሪያው ዓመት 77 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 65 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው 60 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ምስጋናው ወደ ላይ፣ ቍጥሩ ወደ ታች ሄደ። በ2014 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሯ ኒኪ ሞርጋን ሳይንስና ሒሳብን ለማበረታታት በተዘጋጀ መድረክ ላይ፣ ሥነ ጥበብና ሰብአዊ ትምህርቶች ለማንኛውም ሥራ በር ይከፍታሉ የሚለው የቀድሞ ምክር ዛሬ ከእውነት የራቀ መሆኑን ተናገሩ። ይህ ንግግር ከፍ ያለ ቍጣ አስነሣ። አንድ ነገር ግን ሊመሰገንበት ይገባል፤ መለኪያው በዝምታ ሲናገረው የቆየውን በግልጽ ቃል ተናገረው።

የግሱ ነገር

በሰኔ 2022 ሁለተኛው ብሔራዊ የሙዚቃ ትምህርት ዕቅድ ወጣ። ሙዚቃ ሕይወትን የመለወጥ ኃይል እንዳለው በርእሱ ላይ ሳይቀር የሚመሰክር፣ በባለሙያዎች ምክር የተዘጋጀ፣ በብዙ ረገድ መልካም ሰነድ ነው። እስከ 14 ዓመት ያሉ ተማሪዎች በሳምንት ቢያንስ የአንድ ሰዓት የሙዚቃ ትምህርት እንዲያገኙ ይጠይቃል። ለሙዚቃ ማእከላት በየዓመቱ 79 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለመሣሪያ መግዣም ተጨማሪ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ይዞ መጣ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 2021፣ በየክፍሉ ምን ሊሰጥ እንደሚችል የሚያሳይ ዝርዝር የሙዚቃ ሥርዓተ ትምህርት ወጥቶ ነበር።

ነገር ግን ሁለቱም ሰነዶች አስገዳጅ አይደሉም። በእንግሊዝ የመንግሥት ጽሑፎች ዘንድ «ግዴታ ነው» በሚለውና «ይገባል» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት የሕግ ልዩነት ነው፤ የመጀመሪያውን የጣሰ ይጠየቃል፣ ሁለተኛውን ያልፈጸመ ግን ምክር እንዳልተቀበለ ሰው ነው። የሳምንቱ አንድ ሰዓት የተጻፈው በሁለተኛው ቃል ነው። ከዚህም በላይ ከእንግሊዝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአምስቱ አራት ያህሉ አካዳሚ የተባሉት፣ ገንዘባቸውን በቀጥታ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ሲሆኑ፣ በአካዳሚዎቹ አመሠራረት መሠረት ብሔራዊውን ሥርዓተ ትምህርት የመከተል ግዴታ አልተጣለባቸውም ነበር። ሙዚቃ እስከ 14 ዓመት ግዴታ ነው ሲባል ሕጉ በቀጥታ የሚይዘው የቀሩትን ጥቂቶች ነበር ማለት ነው። ይህንን ክፍተት ለመዝጋት የሚያስችል ሐሳብ የያዘ የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ የቀረበው በታኅሣሥ 2024 ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህንን ልዩነት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ልጁ ሙዚቃ ይማራል» እና «ልጁ ሙዚቃ ይማር» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት በጽሑፍ እጅግ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው የሚሆነውን ይናገራል፤ ባይሆን ተናጋሪው ዋሽቷል ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ግን ምኞት ወይም ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዝ የሚሆነውም ከኋላው አስገዳጅ ኃይል ሲኖር ብቻ ነው። ያው ቃል ያለ ጥብቀት ሲነበብ ደግሞ ለታመመ ሰው የሚባለው «ይማር» ይሆናል። ሕመምተኛን «ይማርህ» ብሎ ማለፍ ደግነት ነው፤ መድኃኒት መግዛት ግን አይደለም። ከሄንሊ ሪፖርት ወዲህ ስለ ሙዚቃ ትምህርት ከተነገረው ብዙው በዚህ ግስ የተነገረ ነው።

የሚያስተምረውን ሰው በሚመለከትም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። ለሙዚቃ መምህርነት ሠልጣኞች ይሰጥ የነበረው ድጎማ በ2020 እንዲቀር ተወሰነ። በ2023 እና 2024 የትምህርት ዘመን ለሁለተኛ ደረጃ የሙዚቃ መምህርነት ሥልጠና የገቡት ከታቀደው 27 በመቶው ብቻ ነበሩ። ለሚቀጥለው ዓመት 10,000 ፓውንድ ድጎማ ተመልሶ ተፈቀደ። ብሔራዊ ዕቅድ ባለበት አገር፣ ዕቅዱን የሚያስፈጽሙት መምህራን ከአራት አንድ ያህል ብቻ ሲገኙ፣ መሣሪያ መግዣ የተመደበው ገንዘብ ዋሽንቱን በቁም ሣጥን ውስጥ ከማኖር ብዙ አያልፍም።

የትዝታ ንግግር

ፖለቲከኞች ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሲናገሩ የሚዘወተር ሌላ መንገድ አለ፤ እሱም የራሳቸው ትዝታ ነው። ይህም ከልብ የመነጨ ሊሆን ይችላል። የአናጢ ልጅ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ በኦክስፎርድ በባሊዮል ኮሌጅ የኦርጋን ተጫዋችነት ነፃ ትምህርት ያገኙ፣ በ1971ም በሥልጣን ላይ ሳሉ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን የመሩ ሰው ነበሩ። ኪር ስታርመር በልጅነታቸው ዋሽንትን ጨምሮ ልዩ ልዩ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር፤ በለንደን በጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት የወጣቶች ክፍልም ተምረዋል። በመጋቢት 2024 ገና ተቃዋሚ መሪ ሳሉ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሰው ስለ ጥበብ ትምህርት ባደረጉት ንግግር፣ ሙዚቃ ለእርሳቸው ምን እንዳደረገላቸው መስክረዋል።

የትዝታ ንግግር ሞቅ ያለና የሚታመን ነው። ድካሙ ግን የተነገረው ሁልጊዜ ዕድሉ በደረሰው ሰው አንደበት መሆኑ ነው። መሣሪያ ሳይነካ ያደገ ልጅ ያጣውን ስለማያውቅ ትዝታ የለውም፤ ስለዚህም በዚህ መድረክ አይሰማም። የብሪታንያ የሙዚቃ ቀረጻ ኩባንያዎች ማኅበር በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከግል ትምህርት ቤቶች 85 በመቶው ኦርኬስትራ ሲኖራቸው፣ እጅግ ድኻ በሆኑ አካባቢዎች ከሚገኙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ኦርኬስትራ ያላቸው 12 በመቶው ብቻ መሆናቸው ተገልጿል። የትዝታው ንግግር ይህንን ልዩነት አያሳይም፤ የሚያሳየው በሁለቱም ወገን በኩል አልፎ የወጣውን አንዱን ሰው ነው።

በሐምሌ 2024 የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሥርዓተ ትምህርቱ ጥናት በፕሮፌሰር ቤኪ ፍራንሲስ እንዲመራ ተደረገ። የመጨረሻው ሪፖርት በኅዳር 2025 ሲወጣ፣ መንግሥት የእንግሊዝ ባካሎሬትን መለኪያ ለማስቀረት መወሰኑን ገለጠ። ይህ ውሳኔ ከብዙ ምስጋና ይበልጥ ይመዝናል፤ ርእሰ መምህሩ በየዓመቱ የሚመለከተውን ሚዛን ይለውጣልና። ሆኖም በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ የታጠፈ ክፍል በአንድ ማስታወቂያ አይዘረጋም። መለኪያው ሲነሣ ጎጂው ምክንያት ይነሣል፤ የለቀቀው መምህር ተመልሶ የሚመጣው ግን በሥልጠና፣ በደመወዝና በጊዜ ነው።

አራት ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ ለመምህራን የሚተርፈው ፖለቲከኛን የመጥላት ወይም የመናቅ ትምህርት አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ብዙዎቹ ሰዎች ሙዚቃን የሚወዱ፣ አንዳንዶቹም የሚጫወቱ ነበሩ። የሚተርፈው የመስማት ትምህርት ነው፤ ይህም ለሙዚቀኛ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። አንድ የመንግሥት ሰው ስለ ሙዚቃ ትምህርት ሲናገር አራት ጥያቄዎችን ይዞ መስማት ይበጃል።

አንደኛ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱስ ከየትኛው ትምህርት ተወስዶ ነው? ይህን ያልተናገረ ንግግር ለርእሰ መምህሩ ምንም አልነገረውም። ሁለተኛ፣ የሚያስተምረው ማን ነው? የት ሠለጠነ? በምን ደመወዝስ ይቆያል? ሦስተኛ፣ መሣሪያው የማን ነው? ልጁ ከቡድን ወጥቶ ለብቻው መማር ሲፈልግ የሚከፍለውስ ማን ነው? የ1988ቱ ሕግ እንዳሳየው ብዙ መብት በዚህ በር በኩል ይወጣል። አራተኛ፣ ባይፈጸምስ የሚጠየቀው ማን ነው? ለዚህ መልስ የሌለው ቃል «ይማር» እንጂ «ይማራል» አይደለም።

እነዚህ ጥያቄዎች ከእንግሊዝ ታሪክ የተቀዱ ይሁኑ እንጂ የእንግሊዝ ብቻ አይደሉም። በየትኛውም አገር አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲታወጅ፣ የሙዚቃ መምህሩ መግቢያውን ካነበበ በኋላ ወደ ሰዓት ድልድሉና ወደ በጀቱ ገጽ ቢሄድ፣ ስለ ራሱና ስለ ተማሪዎቹ ዕጣ ይበልጥ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ፖለቲከኛውም እነዚህን ጥያቄዎች በተደጋጋሚ የሚሰማ ከሆነ ንግግሩን በእነርሱ ልክ ማዘጋጀት ይጀምራል። የሞዛርቱ ክርክር በ1992 ያን ያህል የጎላው የሚጠይቀው ሰው ስለ በዛ ነው። ስለ ሰዓቱም የሚጠይቅ እንደዚያው ቢበዛ፣ ጉዳዩ በዝምታ የሚያልፍ አይሆንም።

ሊንዲስፋርን ኮሌጅ በ1994 ተዘግቷል። በዚያ የነበረው የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ በማንም ሚኒስትር ንግግር አልተወሳም፤ ከሒሳብና ከሳይንስ ክፍለ ጊዜዎች ጋር ተሰልፎ በሠንጠረዥ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር። መሐንዲስ ሊሆን የተላከው ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ገብቶ ተቀመጠ፤ መምህሩም እዚያው ነበረ።